የተገናኙ የሕዝብ ቦታዎች በሐዋሳ ከተማ፦ ምንነታቸው፣ የፕላን መሠረታቸውና የነዋሪው ድርሻ

አንድ ከተማ በፍጥነት ሲያድግ ቀድሞ ለዓይን የሚታየው ሕንፃው ነው። ከሕንፃው እኩል ማደግ ሲገባው ብዙ ጊዜ ወደ ኋላ የሚቀረው ግን በሕንፃዎች መካከል ያለው ቦታ ነው። የእግረኛ መንገዱ፣ አደባባዩ፣ መናፈሻው፣ የሐይቅ ዳርቻው፣ የገበያው መግቢያና የጎርፍ መሄጃው የጋራ ሀብት በመሆናቸው የሚጠብቃቸው የተለየ ባለይዞታ የላቸውም። በመሆኑም በፕላን ካልተያዙና ነዋሪው ካልተከታተላቸው ቀስ በቀስ ይሸራረፋሉ።

ይህ ጽሑፍ የሕዝብ ቦታዎችን እርስ በርስ ማገናኘት ምን ማለት እንደሆነ፣ የሐዋሳ ከተማ በዚህ ረገድ ያላትን ዕድልና የተጋረጠባትን ፈተና፣ በፍጥነት ካደጉ የቻይና ከተሞች የሚገኘውን ትምህርት፣ በሀገራችን ያለውን የሕግ ማዕቀፍ እንዲሁም ነዋሪዎች መረጃና አገልግሎት ለማግኘት ሊከተሉት የሚገባውን አካሄድ ያብራራል።

አገናኝ የሕዝብ ቦታ ምንድን ነው?

የሕዝብ ቦታ ሲባል ማንኛውም ሰው ያለ ልዩ ፈቃድ ሊገባበት፣ ሊያልፍበትና ሊቆይበት የሚችል የጋራ መጠቀሚያ ቦታ ማለት ነው። መንገድ፣ አደባባይ፣ መናፈሻ፣ የሕፃናት መጫወቻ፣ የበዓል ማክበሪያ ሜዳና የውሃ ዳርቻ በዚህ ውስጥ ይካተታሉ። ቦታው አገናኝ ነው የሚባለው ደግሞ ለብቻው እንደ ደሴት ተነጥሎ ሳይቀመጥ ቤትን ከትምህርት ቤት፣ ሠፈርን ከገበያ፣ መኖሪያን ከሥራ ቦታ በሚያያዝ መረብ ውስጥ አንድ አካል ሲሆን ነው።

ይህን ለመለየት ሦስት ቀላል መመዘኛዎች አሉ። የመጀመሪያው መድረስ ነው፤ ሕፃን፣ አረጋዊ ወይም በተሽከርካሪ ወንበር የሚንቀሳቀስ ሰው ከቤቱ ተነሥቶ በራሱ ወደ ቦታው መድረስ ይችላል ወይ ተብሎ ይጠየቃል። ሁለተኛው መቀጠል ነው፤ መንገዱ በአጥር፣ ክዳን በሌለው ቦይ፣ በግንባታ ዕቃ ወይም በቆመ ተሽከርካሪ ሳይቋረጥ እስከ መጨረሻው ይወስዳል ወይ የሚለው ይታያል። ሦስተኛው መቆየት ነው፤ ጥላ፣ መቀመጫ፣ መብራትና ንጽሕና ኖሮት ሰው አረፍ የሚልበት ነው ወይስ ቶሎ አልፎ የሚሄድበት ብቻ ነው የሚለው ይመረመራል።

የግንኙነት ጥቅም በስፋት ብቻ አይለካም። ለምሳሌ አንድ መናፈሻ ከአንድ ቤት በቀጥታ መስመር 300 ሜትር ቢርቅም በመካከሉ መተላለፊያ የሌለው ረጅም አጥር ካለ ነዋሪው ዞሮ ለመድረስ አንድ ኪሎ ሜትር ሊጓዝ ይችላል። እንዲህ ሲሆን መናፈሻው በካርታ ላይ ቅርብ ቢመስልም ለነዋሪው ሩቅ ነው። በዚህ ሁኔታ ሁለተኛ መናፈሻ ከመሥራት ይልቅ አንዲት መተላለፊያ መክፈት በአነስተኛ ወጪ የበለጠ ውጤት ያስገኛል።

የሐዋሳ አመሠራረትና ዕድገት

ሐዋሳ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ከባሕር ጠለል በላይ በ1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ የሲዳማ ክልል ርዕሰ ከተማ ናት። በ1950ዎቹ መጀመሪያ የተቆረቆረች ሲሆን፣ የቀድሞው የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማነትም ከይርጋለም ወደ እርሷ ተዛውሯል። ከብዙዎቹ የሀገራችን ነባር ከተሞች የሚለያት ከጅምሩ በፕላን ተመርታ፣ ሜዳማ በሆነ ሥፍራ ላይ፣ ቀጥ ባሉና ሰፋ ባሉ ጎዳናዎች መመሥረቷ ነው። በከተማዋ መሐል ካለው የቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ተነሥቶ ወደ ሐይቁ የሚወርደው ጎዳና የዚህ አመሠራረት ጉልህ ምልክት ነው። የከተማዋ እምብርትና ውሃው በአንድ መስመር የተገናኙት በዚሁ ጎዳና ነው።

የነዋሪዎቿ ቁጥር በአጭር ጊዜ ውስጥ አድጓል። በ1976 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ 36 ሺህ ገደማ የነበረው የከተማዋ ነዋሪ በ1987 ዓ.ም. ቆጠራ 69 ሺህ ገደማ ደርሷል፤ በ1999 ዓ.ም. ደግሞ ከ157 ሺህ በልጧል። ይህም በ23 ዓመታት ውስጥ ከአራት እጥፍ በላይ ማደግ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህም ዩኒቨርሲቲው፣ የክልሉ መሥሪያ ቤቶች፣ የሆቴልና ቱሪዝም ዘርፉ እንዲሁም ሐምሌ 6 ቀን 2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሰዎችን ወደ ከተማዋ መሳባቸውን ቀጥለዋል። ዛሬ ከተማዋ በስምንት ክፍለ ከተሞች የምትተዳደር ስትሆን ቀድሞ የገጠር ቀበሌ የነበሩትን የሐዌላ ቱላ አካባቢዎችም አቅፋለች።

የመጀመሪያው ፕላን የዘረጋው መረብ የመሐሉን ከተማ በሚገባ ያገለግላል። ዋናው ጥያቄ ከዚያ ውጭ በየአቅጣጫው የተስፋፉት አዳዲስ ሠፈሮች ከዚህ መረብ ጋር በምን ዓይነት መንገድ ይያያዛሉ የሚለው ነው።

በከተማዋ ያሉ ዋና ዋና አገናኝ ቦታዎች

የሐይቁ ዳርቻ። የሐዋሳ ሐይቅ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት አለው። በከተማዋ በኩል ከጎርፍ ለመከላከል የተሠራው የአፈር ግድብ በብዙ ቦታ የእግር መንገድ ሆኖ ያገለግላል። ፍቅር ሐይቅ በመባል የሚታወቀው አካባቢና የዓሣ ገበያው የሚገኝበት አሞራ ገደል ነዋሪውና እንግዳው በአንድነት የሚገኙባቸው ሥፍራዎች ናቸው። በአሞራ ገደል ዓሣ አጥማጁ፣ ዓሣ ሻጩ፣ ተመጋቢው፣ ጎብኚውና አባ ኮዳው ሳይቀር ቦታውን ይጋሩታል። አንድ ሥፍራ የሥራ፣ የምግብና የመዝናኛ ቦታ በአንድነት ሊሆን እንደሚችል አሞራ ገደል ጥሩ ማሳያ ነው።

ጉዱማሌ። በሲዳማ ሕዝብ ባህል ጉዱማሌ የጋራ ሜዳ ነው። የዘመን መለወጫው የፊቼ ጨምበላላ በዓል የሚከበረው ሕዝቡ በጉዱማሌ ተሰባስቦ ነው። በዓሉ በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ባህላዊ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ተመዝግቧል። በሐዋሳ ያለው ጉዱማሌ በሐይቁ አቅራቢያ የሚገኝ በመሆኑ የበዓል ሜዳውና የውሃ ዳርቻው የተቀራረቡ ናቸው። የሕዝብ ቦታ የሚለው ሐሳብ ከውጭ የመጣ አዲስ ነገር እንዳልሆነም ጉዱማሌ ያስታውሰናል። ማኅበረሰቡ ማንም የግሉ የማያደርገውን ሜዳ በባህሉ ጠብቆ ኖሯልና።

ጎዳናዎችና የውስጥ ለውስጥ መንገዶች። የከተማዋ ሜዳማነት ለእግረኛና ለብስክሌት የተመቸ ነው። ሐዋሳ ብስክሌት የዕለት ተዕለት መጓጓዣ ከሆነባቸው ጥቂት የሀገራችን ከተሞች አንዷ ናት። ባጃጁም በሰፊው ያገለግላል። እነዚህ ሁሉ በአንድ ጎዳና ላይ ሲገናኙ የእግረኛው፣ የብስክሌቱና የሞተሩ ቦታ ተለይቶ ካልተመደበ መጨናነቅና አደጋ ይከተላል።

የጎርፍ ማስወገጃ መስመሮች። እነዚህን ብዙ ሰው ከሕዝብ ቦታ አይቆጥራቸውም። ነገር ግን የሐዋሳ ሐይቅ ከወለል በላይ የሚፈስ መውጫ ወንዝ የሌለው በመሆኑ በቦይ ተጠርጎ የሚገባበት ደለልና ቆሻሻ ተመልሶ የሚወጣበት መንገድ የለም። በአንድ ሠፈር ቦይ ውስጥ የተጣለ ፕላስቲክ መድረሻው ሐይቁ ነው። ስለዚህ የቦይ መስመሮች በዛፍና በእግር መንገድ ታጅበው ቢለሙ ሠፈሩን ከሐይቁ ጋር ያገናኛሉ፤ ሐይቁንም ይጠብቃሉ። ከተማዋን በሰሜን የሚያዋስነው የጥቁር ውሃ ወንዝና የጨለለቃ ረግረጋማ ሥፍራም በዚሁ መነጽር ሊታዩ ይገባል።

ታቦርና አላሙራ። ሁለቱ ተራሮች የከተማዋ አረንጓዴ ከፍታዎች ናቸው። ከሐይቁ ዳርቻ ጋር በእግር መንገድ ከተያያዙ የተነጣጠሉ ሦስት መዝናኛዎች መሆናቸው ቀርቶ አንድ መረብ ይሆናሉ።

ግንኙነቱ የሚቋረጠው እንዴት ነው?

የሕዝብ ቦታ በአንድ ጊዜ ሲጠፋ ሁሉም ያየዋል። በጥቂት በጥቂቱ ሲጠፋ ግን ልብ የሚለው ጥቂት ነው። በፍጥነት በሚያድጉ ከተሞች በተደጋጋሚ የሚታዩት መንስኤዎች የሚከተሉት ናቸው።

አንደኛው የዳርቻ መዘጋት ነው። በውሃ ዳርቻ የሚገኙ ይዞታዎች እያንዳንዳቸው እስከ ውሃው ድረስ ቢታጠሩ አንዱ አጥር ብቻውን የሚያደርሰው ጉዳት ትንሽ ይመስላል። አጥሮቹ ሲቀጣጠሉ ግን ሐይቁ ለነዋሪው ከሩቅ የሚታይ፣ ሊደርስበት ግን ከፍሎ መግባት የሚኖርበት ይሆናል። በሐዋሳ ይህ ጉዳይ ክብደት የሚሰጠው ከተማዋ ስሟንም ኑሮዋንም ያገኘችው ከሐይቁ በመሆኑ ነው።

ሁለተኛው የመንገድ ወሰን መጥበብ ነው። በረንዳን ወደ እግረኛ መንገድ ማውጣት፣ የግንባታ አሸዋና ጠጠር በመንገድ ላይ ማከማቸት፣ ከግቢ ደጃፍ ላይ ከፍ ያለ መወጣጫ መሥራትና የቦይ ክዳን ማንሣት እያንዳንዳቸው እግረኛውን ወደ አስፋልት ይገፉታል። ዓይነ ሥውር፣ ነፍሰ ጡርና ሕፃን ያዘለች እናት የዚህ ቀዳሚ ተጎጂዎች ናቸው።

ሦስተኛው በትልልቅ መሠረተ ልማት ምክንያት የሚመጣ መለያየት ነው። ዋና መንገድ ወይም የባቡር ሐዲድ ሩቅን ሲያቀርብ ቅርቡን ሊያርቅ ይችላል። በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ለብዙ ተሳፋሪዎች አገልግሎት ቢሰጥም፣ ሐዲዱ በመሬት ላይ በታጠረባቸው ክፍሎች ፊት ለፊት ይተያዩ የነበሩ ሠፈሮች ነዋሪዎች ለመሻገር ረጅም ርቀት እንዲዞሩ አድርጓል። ከሻሸመኔ በኩል ገብቶ ወደ ዲላና ሞያሌ የሚያመራው ዋና መንገድ ሐዋሳን የሚያቋርጥ በመሆኑም የእግረኛ መሻገሪያዎቹ ብዛትና ምቾት ተመሳሳይ ትኩረት ይሻል።

አራተኛው የሥራና የመኖሪያ ቦታ መራራቅ ነው። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሲታቀድ እስከ 60 ሺህ ለሚደርሱ ሠራተኞች የሥራ ዕድል እንዲፈጥር ታስቦ ነበር። ከሠራተኞቹ አብዛኞቹ ከገጠር አካባቢዎች የመጡ ወጣት ሴቶች ሲሆኑ፣ በከተማዋ ሠፈሮች ቤት ተከራይተው ይኖራሉ። ለእነርሱ አገናኝ የሕዝብ ቦታ ማለት ከፈረቃ ሲወጡ መብራት ያለበት፣ ሰው የሚታይበትና ከአውቶቡስ መውረጃው እስከ ኪራይ ቤታቸው ሳይቋረጥ የሚያደርስ መንገድ ማለት ነው። እንዲህ ያለ መንገድ መጓደሉ የደኅንነት ጉዳይ ነው።

ከቻይና ከተሞች የሚገኝ ትምህርት

የኢንዱስትሪ ፓርኩን የገነባው የቻይና ሥራ ተቋራጭ ነው። ከግንባታ ልምዱ ባሻገር ግን የቻይና ከተሞች በፕላን ረገድ ያለፉበት መንገድ ለሐዋሳ ዓይነት ከተሞች የሚጠቅም ስኬትም ማስጠንቀቂያም ይዟል።

እ.ኤ.አ. በ1978 ከቻይና ሕዝብ በከተማ ይኖር የነበረው ከአምስት ሰው አንዱ እንኳን አይሞላም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 የከተማ ነዋሪው ከጠቅላላው ሕዝብ ከግማሽ በላይ ሆነ። ይህን ፍጥነት ለማስተናገድ ከተሞቹ በጣም ሰፋፊ መንገዶችን እየዘረጉ በመካከላቸው እጅግ ትልልቅና የታጠሩ የመኖሪያ ግቢዎችን ገነቡ። ግንባታው ፈጣን ነበር፤ የቤት ፍላጎትንም መልሷል። ነገር ግን በግቢዎቹ መካከል ማለፍ ስለማይቻል እግረኛው ረጅም ዙሪያ ለመሄድ ተገደደ፤ ተሽከርካሪውም ሁሉ በጥቂት ዋና መንገዶች ላይ ተከማቸ። መንገዱ እየሰፋ መጨናነቁ አልቀነሰም።

የቻይና ማዕከላዊ መንግሥት እ.ኤ.አ. በየካቲት ወር 2016 ባወጣው የከተማ ፕላን መመሪያ አዳዲስ የታጠሩ ግቢዎች በመርሕ ደረጃ እንዳይገነቡ፣ ጠበብ ያሉና ጥቅጥቅ ያሉ መንገዶች እንዲዘረጉ አሳሰበ። እ.ኤ.አ. በ2020 በከተሞች የተገነባ ክፍል ውስጥ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር በአማካይ 8 ኪሎ ሜትር መንገድ እንዲኖርም ግብ አስቀመጠ። መመሪያው ነባር ግቢዎች ቀስ በቀስ ለሕዝብ መተላለፊያ እንዲከፈቱ በመጠየቁ ስለ ንብረት መብትና ስለ ደኅንነት ከነዋሪዎች ብርቱ ጥያቄ ተነሥቷል። ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ መተላለፊያን በመጀመሪያው ፕላን ማስቀመጥ ቀላል ሲሆን፣ ቤት ከተሠራና አጥር ከታጠረ በኋላ ማስመለስ ግን አስቸጋሪና ውድ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ እንደ ሐዋሳ የሐይቅ ከተማ የሆነችው ሀንግዡ ናት። ሀንግዡ እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ በታዋቂው ምዕራብ ሐይቅ ዳርቻ ያሉ መናፈሻዎቿን የመግቢያ ክፍያ እያነሣች ለሁሉም ክፍት አደረገች፤ በዙሪያው ያሉ መንገዶችንም አያያዘች። ከተማዋ ከመግቢያ ትኬት ታገኝ የነበረውን ገቢ ብታጣም ጎብኚዎች በብዛት መጥተው ረዘም ላለ ጊዜ መቆየታቸው ሆቴሎችን፣ ምግብ ቤቶችንና አነስተኛ ንግዶችን ጠቅሟል። ሐይቁ እ.ኤ.አ. በ2011 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

ሦስተኛው የሻንጋይ ተሞክሮ ነው። የሁዋንግፑ ወንዝ ዳርቻ ለረጅም ዘመን በፋብሪካ፣ በመጋዘንና በወደብ የተያዘ ስለነበር ነዋሪው ወደ ውሃው የሚደርስባቸው ቦታዎች የተቆራረጡ ነበሩ። ከተማዋ እነዚህን የተቋረጡ ክፍሎች አንድ በአንድ አያይዛ እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ በሁለቱም ዳርቻ 45 ኪሎ ሜትር የሚሸፍን ለእግረኛ፣ ለሯጭና ለብስክሌት ክፍት የሆነ መስመር አስመረቀች። ሥራው በዋናነት አዲስ ቦታ መፍጠር ሳይሆን ያሉትን ክፍሎች ማያያዝ ነበር።

በእርግጥ የቻይና ከተሞች የገንዘብ አቅም፣ የሕዝብ ብዛትና የአስተዳደር ሁኔታ ከእኛ ይለያል። ስለዚህ የሚወሰደው መርሑ እንጂ መጠኑ አይደለም። ሐዋሳ ገና ከመነሻዋ ያላትን አጫጭርና የተያያዙ ጎዳናዎች በአዳዲስ ሠፈሮችም ብትደግም፣ ሌሎች በብዙ ወጪ ያረሙትን ስሕተት ከመድገም ትድናለች።

የሀገራችን የሕግና የፕላን ማዕቀፍ

የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት ሁሉም ሰዎች ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳላቸው በአንቀጽ 44፣ ዜጎች በሚመለከታቸው የልማት ጉዳይ የመሳተፍና ሐሳባቸውን የመስጠት መብት እንዳላቸው ደግሞ በአንቀጽ 43 ይደነግጋል።

የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 የከተማ ፕላንን በሁለት ደረጃ ይከፍላል። መዋቅራዊ ፕላን የከተማውን አጠቃላይ የዕድገት አቅጣጫ፣ ዋና ዋና የመሬት አጠቃቀምና የመሠረተ ልማት መስመሮችን ለ10 ዓመት የሚወስን ነው። የአካባቢ ልማት ፕላን ደግሞ በአንድ በተወሰነ አካባቢ የሕንፃ ከፍታን፣ የውስጥ መንገዶችን፣ አረንጓዴና ክፍት ቦታዎችን እንዲሁም የውሃ አካላትን በዝርዝር ያመላክታል። ፕላን ሲዘጋጅ ከነዋሪውና ከባለድርሻ አካላት ጋር ምክክር ሊደረግበት ይገባል። ከዚህም ሌላ በፕላን ክልል ውስጥ የሚከናወን ልማት ፈቃድ የሚያስፈልገው መሆኑን አዋጁ ደንግጓል። ስለዚህ በፕላን ላይ መናፈሻ ወይም መተላለፊያ ሆኖ የተመለከተ ቦታ ለጊዜው ባዶ ቢሆንም ባለቤት አልባ አይደለም።

የከተሞች ፕላን ዝግጅት ከሚመራባቸው መርሖች አንዱ የ30፣ 30፣ 40 ክፍፍል ነው። በዚህም መሠረት ከከተማ መሬት 30 በመቶው ለመንገድና መሠረተ ልማት፣ 30 በመቶው ለአረንጓዴና ለጋራ መጠቀሚያ ቦታዎች፣ ቀሪው 40 በመቶ ለግንባታ እንዲውል ይታሰባል።

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ለሕዝብ አገልግሎት የሚውሉ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች ምቹ መግቢያና መጠቀሚያ እንዲኖራቸው ደንግጓል። ሀገራችን በ2012 ዓ.ም. ይፋ ያደረገችው የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂም ለእግረኛና ለብስክሌት ቅድሚያ የሚሰጥ አቅጣጫ አስቀምጧል። በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተጀምሮ ሐዋሳን ጨምሮ ወደ ሌሎች ከተሞች የተስፋፋው የኮሪደር ልማት የእግረኛና የብስክሌት መስመሮችን፣ አረንጓዴ ቦታዎችንና የውሃ ዳርቻዎችን በአንድነት ለማልማት ዕድል ይሰጣል። የሥራው ውጤት የሚመዘነው ግን በተዋበው ጎዳና ብቻ ሳይሆን ከኋላው ያለው ሠፈር ወደ ጎዳናው በቀላሉ መድረስ በመቻሉ ጭምር ነው። በልማት ምክንያት ለሚነሡ ባለይዞታዎች ተገቢውን ካሳና ምትክ ማመቻቸት፣ አነስተኛ ነጋዴዎችም በአዲሱ ቦታ ሥራቸውን የሚቀጥሉበትን ሁኔታ ማሰብ የዚሁ አካል ነው።

ነዋሪው ምን ማድረግ ይችላል?

1. የአካባቢውን ፕላን መጠየቅ። ከመገንባትዎ ወይም አጥር ከማጠርዎ በፊት ይዞታዎ የሚገኝበትን አካባቢ ፕላን ከክፍለ ከተማው ወይም ከከተማው ማዘጋጃ ቤት የፕላን ክፍል ይጠይቁ። የይዞታ ማረጋገጫ ካርታዎን ይዘው ይቅረቡ። በተለይም የመንገድ ወሰን እስከ የት እንደሆነ፣ በአጠገብዎ የታቀደ መተላለፊያ፣ ቦይ ወይም አረንጓዴ ቦታ መኖር አለመኖሩን ያረጋግጡ።

2. የፕላን ስምምነትና የግንባታ ፈቃድ ማውጣት። ዲዛይን ከማሠራትዎ በፊት የፕላን ስምምነት ማግኘት ኋላ ከሚመጣ የማፍረስ ወጪ ያድናል። ግንባታ ሲጀመር ዕቃን በእግረኛ መንገድ ላይ ከማከማቸት ይቆጠቡ።

3. በሕዝብ ምክክር ላይ መገኘት። ቀበሌው ወይም ክፍለ ከተማው ስለ ፕላን ዝግጅት ወይም ማሻሻያ ስብሰባ ሲጠራ ይገኙ። አስተያየትዎን በተቻለ መጠን በተጨባጭ ነገር ያስደግፉ። ለምሳሌ «መንገድ ይሠራልን» ከማለት ይልቅ ልጆች ወደ ትምህርት ቤት ሲሄዱ የሚያልፉበትን ትክክለኛ ሥፍራ፣ በክረምት ውሃ የሚተኛበትን ቦታና መሻገሪያ የሚያስፈልግበትን መጋጠሚያ መግለጽ የፕላን ባለሙያውን ይረዳል። አስተያየትዎ በቃለ ጉባኤ መያዙንም ያረጋግጡ።

4. መረጃ በጽሑፍ መጠየቅ። በመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት ማንኛውም ሰው ከመንግሥት አካል መረጃ የመጠየቅ መብት አለው። ጥያቄው ለመሥሪያ ቤቱ የሕዝብ ግንኙነት ክፍል የሚቀርብ ሲሆን፣ ምላሹ ቢዘገይ ቢዘገይ በ30 ቀናት ውስጥ ሊሰጥ ይገባል። ጥያቄው ካልተመለሰ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ ቀጥሎም ለኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤቱታ ማቅረብ ይቻላል።

5. የጋራ ቦታ ሲደፈር ማመልከት። መተላለፊያ ተዘግቶ፣ ቦይ ተደፍኖ ወይም አረንጓዴ ቦታ ታጥሮ ሲገኝ በመጀመሪያ ለቀበሌው፣ ቀጥሎ ለክፍለ ከተማው የደንብ ማስከበር ክፍል ያመልክቱ። ማመልከቻው የቦታውን ትክክለኛ መገኛ፣ ድርጊቱ የተጀመረበትን ቀን ግምትና ከተቻለ ፎቶግራፍ ቢይዝ ይመረጣል። የገቢ ማመልከቻ ቁጥር ተቀብለው ይያዙ። አጥር የታጠረው በሕጋዊ ፈቃድ ሊሆን ስለሚችል ፕላኑን ሳያረጋግጡ ከጎረቤት ጋር ወደ ግጭት አይግቡ።

ተደጋግመው የሚነሡ ጥያቄዎች

ከቤቴ ፊት ለፊት ያለውን የእግረኛ መንገድ በራሴ ወጪ ማሠራት እችላለሁ? መልካም ተነሣሽነት ነው። ሆኖም ከፍታው፣ ስፋቱና የቦዩ አቅጣጫ ከመንገዱ ጋር መጣጣም ስላለበት አስቀድመው የክፍለ ከተማውን ባለሙያ ያማክሩ። እያንዳንዱ ቤት በራሱ ከፍታ ከሠራው መንገዱ ደረጃ በደረጃ ሆኖ ለተሽከርካሪ ወንበር አያስኬድም።

በሠፈራችን ያለ ባዶ ቦታ ላይ መናፈሻ መሥራት ብንፈልግስ? በመጀመሪያ ቦታው በፕላን ላይ ለምን አገልግሎት እንደተመደበ ይጠይቁ። ለአረንጓዴ አገልግሎት የተመደበ ከሆነ ነዋሪዎች ተደራጅተው ለማልማትና ለመንከባከብ ለክፍለ ከተማው ጥያቄ ማቅረብ ይችላሉ። ልማቱ ቦታውን ለሌላው ሰው እንዳይዘጋ መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

ቤቴ በልማት ምክንያት የሚነሣ ከሆነ አቤቱታዬን የት አቀርባለሁ? የማስለቀቂያ ትእዛዙ በጽሑፍ ሲደርስዎ አቤቱታ የሚቀርብበትን አካልና የጊዜ ገደብ በጥንቃቄ ይመልከቱ። ጊዜው እንዳያልፍ የይዞታና የንብረት ማስረጃዎችዎን አሟልተው ወዲያውኑ ያመልክቱ። ቃል በቃል የተነገረዎትን ተስፋ በማመን ብቻ ጊዜውን አያሳልፉ።

በሐይቁ ዳርቻ መንቀሳቀስ ለሁሉም ክፍት ነው? ይህ በእያንዳንዱ ሥፍራ ፕላንና የይዞታ ሁኔታ ይወሰናል። የትኛው ክፍል ለሕዝብ መተላለፊያ እንደተጠበቀ ከከተማው የፕላን ክፍል ማረጋገጥ ይቻላል። ይህን መጠየቅ የማንኛውም ነዋሪ መብት ነው።

ማጠቃለያ

ሐዋሳ ሐይቅ፣ ሁለት ተራሮች፣ ሜዳማ ጎዳናዎችና የጉዱማሌን የመሰለ የጋራ ሜዳ ባህል ያላት ከተማ ናት። ከዚህ በላይ ብዙ አዲስ ነገር መፍጠር ላያስፈልጋት ይችላል። የሚያስፈልጋት ያሉትን ማያያዝና የተያያዙት እንዳይቆራረጡ መጠበቅ ነው። ይህን የሚወስኑት ትልልቅ ፕሮጀክቶች ብቻ አይደሉም። በእያንዳንዱ አዲስ ሠፈር ፕላን ላይ የምትቀመጥ አንዲት መተላለፊያ፣ በእያንዳንዱ ግንባታ የሚከበር የመንገድ ወሰን፣ በእያንዳንዱ የሕዝብ ምክክር ላይ የሚሰጥ አስተያየትም ይወስኑታል። በመሆኑም ነዋሪዎች የአካባቢያቸውን ፕላን አስቀድመው በማወቅና በምክክሮች ላይ በመገኘት መብታቸውን እንዲጠቀሙ፣ የጋራ ቦታዎችንም እንዲጠብቁ እናሳስባለን።